ስንት ትጠይቂያለሽ? የመጀመሪያ ደንበኛ ታሪክ ከእቴጌ ሆቴል እስከ አዳሚ ቱሉ

ባለፈው ጥር በወርኃዊ ስብሰባችን ላይ፣ ሁለተኛው ቡና እየተቀዳ ሳለ፣ አንዲት ወጣት አባላችን እጇን አወጣች። የልብስ ስፌት ሥልጠናዋን ጨርሳ ከማኅበሩ በወሰደችው ብድር የስፌት መኪና ከገዛች ስድስት ወር አልፏታል። "ብድሩን መመለስ እየከበደኝ ነው። እስካሁን አንድም ደንበኛ አላገኘሁም" አለች።

ከእናቶቻችን አንዷ ስኒዋን አስቀምጠው ጠየቋት፦ "ልጄ፣ ለጎረቤትሽ ልጆች ዩኒፎርም አልሰፋሽም?"

"ሰፍቻለሁ።"

"ለአክስትሽስ መጋረጃ?"

"ሰፍቻለሁ።"

"ስንት ተቀበልሽ?"

ልጅቱ አቀረቀረች። "ኧረ እማማ፣ ከእነሱ እንዴት ብዬ ገንዘብ እቀበላለሁ?"

ቤቱ በሳቅ ሞላ፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። እዚያ ከተቀመጥነው መካከል ያንን ያላደረገች አልነበረችም። ጠላ ጠምቀን፣ በርበሬ ደልዘን፣ ጥጥ ፈትለን፣ ፀጉር ሠርተን "እግዜር ይስጥልን" ተብለን የተመለስን ነን። ልጅቱ የጎደላት ሰው አልነበረም፤ ሰፍታ የሰጠቻቸው ሰዎች ነበሩ። የጎደላት የሚከፍል ሰው ነበር፤ ከዚያም በፊት "ይህን ያህል ነው" ብሎ የመናገር ድፍረት። ስለዚህ በዚህ እትም ይህ ድፍረት በአገራችን እንዴት እንደመጣ፣ ለራሷ የምትሠራ ሴት የመጀመሪያ ደንበኛዋን እንዴት ታገኝ እንደነበር ያነበብነውንና የሰማነውን፣ የደረሰብንንም አብረን ልናወራችሁ ወደድን።

ታሪኩን ከቤተ መንግሥት መጀመራችን ለማማር አይደለም። ስለ መጀመሪያ ደንበኛ በአገራችን በብዛት የሚተረከው ታሪክ የአንዲት ሴት ሥራ ታሪክ ስለሆነ ነው።

በ1900 ዓ.ም. እቴጌ ጣይቱ ብጡል በአዲስ አበባ፣ ዛሬ ፒያሳ በምንለው ሰፈር፣ ሆቴል ከፈቱ። ስሙም እቴጌ ሆቴል ተባለ። ከዓድዋ ድል በኋላ የውጭ መንግሥታት ወኪሎች፣ የግሪክ፣ የአርመንና የሕንድ ነጋዴዎች ወደ ከተማዋ ይጎርፉ ስለነበር አልጋና ማዕድ የሚፈልግ ሰው ሞልቷል። የአገሬው ሰው ግን ሌላ ልማድ ነበረው። መንገደኛ ሲመሽበት ከደጅ ቆሞ "የመሸበት እንግዳ!" ይላል፤ ከውስጥ "ቤት የእግዚአብሔር ነው" ይባላል፤ እግሩ ይታጠባል፣ ያለው ይቀርብለታል። ገንዘብ የሚባል ነገር አይነሣም። እርግጥ በገበያና በሲራራ መንገድ ጠላና ጠጅ የሚሸጡ ሴቶች ከጥንትም ነበሩ፤ ነገር ግን የጨዋ ቤት እመቤት እንጀራ በገንዘብ ሰጠች ማለት ስም የሚያጎድፍ ወሬ ነበር። ከገዢውም ወገን ነውሩ ያው ነው፤ ቤት እያለው በሰው ቤት ከፍሎ የሚበላ ምን ሆኖ ነው ይባላል።

እናም ተደጋግሞ እንደሚነገረው፣ ሆቴሉ ተከፍቶ፣ ማዕዱ ተዘጋጅቶ፣ ከፍሎ የሚበላ አበሻ ጠፋ። በኋላ አፄ ምኒልክ ራሳቸው መኳንንቱን አስከትለው ሄዱ፤ አብረው በሉ፣ ጠጡ፣ ሲጨርሱም ንጉሠ ነገሥቱ ሂሳብ ከፈሉ። ያንን ያየው መኳንንት ቀስ በቀስ ተለማመደ፤ ከመኳንንቱ የተማረው ሕዝብም ተከተለ።

ይህ ታሪክ አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው የምኒልክን ብልሃት ለማሳየት ነው። ብልሃታቸውን አንክድም። እኛ ስናነበው ግን ዓይናችን የሚያርፈው ሌላ ቦታ ነው። ወጥ መሥራት በዚያ ዘመን አዲስ ሙያ አልነበረም፤ ጠጅ መጣልም እንደዚሁ፤ ለሺህ ሰው ግብር የሚያበላ ማድ ቤት በቤተ መንግሥቱ ነበር። በዚያ ማድ ቤት የሠሩት ሴቶች ብዛት ስንት፣ ስማቸው ማን እንደሆነ የጻፈልን የለም። እቴጌይቱ የጨመሩት ነገር አንድ ነው፤ ሴቶች በየቤታቸው በነፃ የሚሠሩትን ሥራ ዋጋ አወጡለት። ከባዱም እሱ ነበር። አገር የሚያስተዳድሩ ሴት እንኳ ዋጋ ስላወጡ ብቻ ደንበኛ አልመጣላቸውም፤ ሰው የሚያምነውና የሚያከብረው አንድ ሰው በአደባባይ መክፈል ነበረበት።

(በስብሰባው ላይ ይህንን ስናወራ አንዷ እህታችን "እሳቸውማ ባላቸው ንጉሥ ነው፤ የኔው እንኳን ሊከፍል ምሳውን ቤት በልቶ ጨው አነሰው ይላል" ብላ አሥቃናለች። እውነቷን ነው። የሚከፍል ንጉሥ የሌላት ሴት ምን ታድርግ የሚለው ነው የቀረው ታሪካችን።)

በዚያው በ1900 ዓ.ም. ምኒልክ ባለእጆችን በሙያቸው መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ፋቂውን፣ ሸክላ ሠሪዋን መስደብ ነውር ነው የሚል ነበር መንፈሱ። ሆቴሉና አዋጁ በአንድ ዓመት መገጣጠማቸው ለእኛ ብዙ ይነግረናል። በእጅ ሠርቶ መሸጥ የሚያሳፍርበት አገር ውስጥ የመጀመሪያው ደንበኛ የሚያመጣው ገንዘብ ብቻ አይደለም፤ ከስድቡም በጥቂቱ ነፃ ያወጣል። አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ሸክላ የምትሠራ ሴት ምርቷ ተገዝቶ እሷ ግን ቤት አትግቢ የምትባልባቸው ቦታዎች ከዚያ በኋላም ለብዙ ዘመን ነበሩ፤ እናቶቻችን ይህን በዓይናቸው አይተዋል።

አሁን ወደ ሰፈራችን እንምጣ።

ለማታውቁን ወዳጆቻችን፦ አዳሚ ቱሉ ከአዲስ አበባ በሞጆ በኩል ወደ ሻሸመኔና ሐዋሳ በሚወስደው አሮጌ መንገድ ላይ፣ ከባቱ ከተማ ወደ ደቡብ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወረድ ብላ ትገኛለች። ስሟ ኦሮምኛ ነው፤ አዳሚ ቁልቋል፣ ቱሉ ኮረብታ ማለት ነው። በስተሰሜን የዝዋይ ሐይቅ አለ፤ ከሐይቁ የሚወጣው የቡልቡላ ወንዝ በእኛ በኩል አልፎ ወደ አብያታ ይወርዳል። አገሩ የከብት አገር ነው። ቅቤ በዚህ አገር የሴት ነው።

ይህ የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር ቀላል አይምሰላችሁ። በአርሲ ኦሮሞ ዘንድ ላሟ የአባወራው ተብላ ብትቆጠርም ወተቱን የምታዝበት፣ የምትንጠው፣ ቅቤውን ገበያ የምታወጣው ሴቲቱ ናት፤ የሽያጩም ገንዘብ ወደ እሷ መቀነት ነው የሚገባው። ባገባች ጊዜ ከእናቷ የምትቀበለው ሲንቄ፣ ያ ቀጭን በትር፣ መብቷ ሲነካ ይዛው የምትወጣው፣ ሌሎች ሴቶችም የየራሳቸውን ሲንቄ ይዘው የሚከተሏት ነው። ስለዚህ "ሴት ለራሷ ሠርታ መሸጥ የጀመረችው በሥልጠና ነው" የሚል ሪፖርት ስናነብ ፈገግ እንላለን። አያቶቻችን ቅላቸውን ተሸክመው ገበያ ሲወጡ የራሳቸው ሥራ ባለቤቶች ነበሩ።

የቅቤ ሻጭ የመጀመሪያ ደንበኛዋን እንዴት ታገኝ ነበር? ከአባላታችን በዕድሜ ትልቋ እንዲህ ነገሩን። አዲስ ሙሽራ ለመጀመሪያ ጊዜ ገበያ ስትወጣ ብቻዋን አትቀመጥም። አማቷ ወይም ጎረቤቷ ከራሷ አጠገብ ታስቀምጣታለች። የአማቲቱ የዘወትር ገዢ ሲመጣ "የኔ አልቋል፤ የልጄን ቅመሺላት" ትላለች። ገዢዋ በጣቷ ጫፍ ትቀምሳለች፣ ታሸታለች። ቅቤው ካልተበላሸ፣ ውኃ ካልበዛበት፣ በሚቀጥለው ሳምንት ሙሽሪትን በስሟ ትጠይቃለች። ቃሉም ከዚህ የራቀ አይደለም። ደንበኛ ስንል ዕቃ የገዛ ሁሉ ማለታችን አይደለም፤ "ደንበኛ ሰው" እንላለን፣ "ደንበኛ እንጀራ" እንላለን፣ በወጉ በደንቡ የሆነ ማለታችን ነው። አንድ ቀን ገዝቶ የሄደ ገዢ ነው፤ ተመልሶ ሲመጣ ነው ደንበኛ የሚሆነው።

እዚህ ላይ ምኒልክ የሠሩትን አማቲቱ ሠርተዋል። ስም ያላት ሴት ስም ለሌላት ስሟን አበደረቻት። ንጉሥ አላስፈለገም።

ባቡር ሲመጣ ግን ሌላ ዓይነት ገዢ መጣ። የጅቡቲው ሐዲድ ድሬዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ የደረሰው በ1909 ዓ.ም. ነው፤ በመካከሉ ያለችው አዳማ ከጣቢያዋ ጋር አብራ አደገች። በየጣቢያው ባቡር ሲቆም ሴቶች የተቀቀለ እንቁላል፣ ዳቦ፣ ፍራፍሬ፣ ውኃ ይዘው ወደ መስኮቱ ይሮጣሉ። በኋላ የመኪና መንገዱ ወደ ደቡብ ሲዘረጋ ያው ሥራ ወደ ሞጆ፣ መቂ፣ ባቱ፣ አዳሚ ቱሉ፣ ቡልቡላ ወረደ። መንገደኛ ገዢ ለጀማሪ ሴት ትልቅ በረከት አለው፤ አያውቃትም። የማያውቅሽን ሰው ዋጋ መጠየቅ አያሳፍርም፤ "የእገሌ ልጅ ሥጋ ዘመዷን አስከፈለች" የሚል የለም። ከእኛ ውስጥ ብዙዎቻችን "ስንት ነው?" ለሚለው ጥያቄ መልስ መስጠት የተማርነው በአውቶቡስ መስኮት ሥር ቆመን ነው።

ችግሩ መንገደኛ አይመለስም። መንገዱም ይዞራል። ከአዲስ አበባ አዳማ ያለው የፍጥነት መንገድ በ2007 ዓ.ም. መግቢያ ሲከፈት በአሮጌው መንገድ ላይ በሚያልፈው መኪና የሚኖሩ ሰዎች ምን እንደሚመጣ አዩ። በአጥር በተከለለ መንገድ ላይ በሰዓት መቶ ኪሎ ሜትር የሚበር መኪና በቆሎ ለመግዛት አይቆምም። አሁን ከሞጆ ሐዋሳ የሚዘረጋው፣ በጠቅላላው ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ የሚሆነው የፍጥነት መንገድ ከሞጆ በመቂ አድርጎ ባቱ ድረስ መኪና እየሄደበት ነው። መንገዱን አንቃወምም፤ ምጥ የያዛትን ሴት ሆስፒታል ያደርሳል። ነገር ግን ማኅበራችን ውስጥ በመንገድ ዳር ሽያጭ ልጆቿን ያሳደገች እናት ስትጠይቀን ምን እንደምንመልስላት ማሰብ አለብን። ገዢው ወደ እኛ መምጣቱን ካቆመ እኛ ነን ወደ እሱ መሄድ ያለብን፤ ስማችንን አስቀድመን።

ስለ ሕጉ ጥቂት እንበል፤ ከስም ጋር ይያያዛልና። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ባልን የቤተሰቡ ራስ ያደርግ ነበር። እናቶቻችን ብድር ሲጠይቁ፣ ውል ሲዋዋሉ "ባልሽን አምጪ" የሚባሉበት ዘመን ነበር። በ1992 ዓ.ም. የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ባልና ሚስትን በቤተሰብ አስተዳደር እኩል አደረገ፤ ኦሮሚያም ቀጥሎ የራሱን የቤተሰብ ሕግ አወጣ። ዛሬ ወጣት አባሎቻችን ውል ላይ በራሳቸው ስም ሲፈርሙ ነገሩ ሁልጊዜም እንዲህ የነበረ ይመስላቸዋል። አይደለም፤ በእኛ ዕድሜ የመጣ ነው።

የባቱ የአበባ እርሻዎች በ1990ዎቹ መጨረሻ ሥራ ሲጀምሩ ከመካከላችን ብዙዎች እዚያ ተቀጠሩ። የወር ደመወዝ በቀኑ መምጣቱ ትልቅ ነገር ነው፤ ዛሬም እህቶቻችን እዚያ ይሠራሉ። ይሁን እንጂ ደመወዝተኛን ማንም "ስንት ትጠይቂያለሽ?" አይላትም፤ ዋጋዋ ይነገራታል። ከቅጥር ወጥታ ለራሷ መሥራት የጀመረች እህት ሁሉ የሚያጋጥማት ድንዛዜ ከዚህ ይመስለናል። እጇ ሙያ ያውቃል፤ አፏ ቁጥር አልለመደም።

የራስ አገዝ ቡድን ታሪክ በእኛ አካባቢ የሚጀምረው ከአዳማ ነው። እ.ኤ.አ. በ2002፣ ከተማዋ ገና ናዝሬት ተብላ በብዙዎች አፍ ስትጠራ፣ የኢትዮጵያ ቃለ ሕይወት ቤተ ክርስቲያን የልማት ክፍል ከእንግሊዙ ቴርፈንድ ጋር ሆኖ በአምስት ቡድኖች፣ በመቶ ያህል ሰዎች ሙከራውን ጀመረ። ሐሳቡ ከሕንድ የመጣ ነው። ከ15 እስከ 20 የሚሆኑ ድሆች በየሳምንቱ ይሰበሰባሉ፣ ሳንቲም የምታህል ገንዘብ ይቆጥባሉ፣ ከቁጠባው እርስ በርስ ይበዳደራሉ፤ ከውጭ የሚሰጥ ብር የለም። ብዙ ሰው ያን ጊዜ የሳቀበት በዚህ በመጨረሻው ነገር ነው። ድሃ ከድሃ ምን ይበደራል? ከዓመታት በኋላ ቡድኖቹ በአገሪቱ በሺዎች ተቆጠሩ። የእኛም ማኅበር ከዚያ ዛፍ ቅርንጫፎች አንዱን አይቶ የተከተለ ነው።

ከሕንድ ስንል አንድ ሌላ ታሪክ አለ፤ ለብቻው ሊነገር የሚገባው። አህመዳባድ በምትባለው የጨርቃ ጨርቅ ከተማ ኤላ ባት የተባሉ የሕግ ባለሙያ ለራሳቸው የሚሠሩ ሴቶችን፣ ማለትም ተሸካሚዎችን፣ አትክልት ቸርቻሪዎችን፣ በቤታቸው የሚሰፉትን ሰብስበው እ.ኤ.አ. በ1972 ሴዋ የተባለ ማኅበር መሠረቱ። በሠራተኛ ማኅበርነት ሊያስመዘግቡት ሲሄዱ መዝጋቢው መሥሪያ ቤት እምቢ አለ። ምክንያቱ? አሠሪ የላችሁም፤ አሠሪ ከሌላችሁ ከማን ጋር ልትደራደሩ ነው? ሴቶቹም ማኅበር የሚያስፈልገን ለመጣላት ሳይሆን ለመተባበር ነው ብለው ተከራክረው ተመዘገቡ። ከሁለት ዓመት በኋላ አራት ሺህ ሴቶች እያንዳንዳቸው አሥር አሥር ሩፒ አዋጥተው የራሳቸውን ባንክ ከፈቱ። ብዙዎቹ መፈረም አይችሉም ነበር፤ በደብተራቸው ላይ ፎቶግራፋቸው ተለጠፈ።

"ከማን ጋር ልትደራደሩ ነው?" የሚለው ጥያቄ ግን ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ለራሷ የምትሠራ ሴት የምትደራደረው ከእያንዳንዱ ደንበኛ ጋር ነው፤ በየቀኑ፣ በየደጁ፣ ብዙ ጊዜም ብቻዋን።

ብቻችንን ስንደራደር ምን እንደሚደርስ ከራሳችን ታሪክ እንንገራችሁ። ማኅበራችን በተመሠረተ በሁለተኛው ዓመት፣ የመጀመሪያው ትልቅ ደንበኛ መጣልን። ስሙን የማንጠራው አንድ መሥሪያ ቤት ለአምስት ቀን ሥልጠና ምሳና ሻይ እንድናቀርብ ጠየቀን። ከደስታችን ብዛት እልል አልን። ዋጋ ስንጠየቅ እርስ በርስ ተያየንና "እናንተ ያላችሁትን" አልን። ይህን ቃል ዛሬ በስብሰባችን የተናገረች ሁለት ብር ትቀጣለች። ጤፍና ዘይት ከቁጠባችን ገዛን፤ ሁለት እናቶች ከየቤታቸው ጨመሩ፤ አንዷ ፍየል ሸጠች። ምግቡ ተበላ፣ ተመሰገነ፤ ቪዲዮም ተቀረጸ። ክፍያው ግን በአምስተኛው ወር መጣ፤ እሱም ካሰብነው በእጅጉ አንሶ። ልንከራከር ብንሄድ "ውላችሁ የት አለ?" ተባልን። ውል አልነበረንም። ፍየሏን የሸጠችው እህታችን ለሦስት ወር ስብሰባ አልመጣችም፤ አልፈረድንባትም። ቤቷ ሄደን ዕዳዋን ከመዋጮ ከፍለን ነው የመለስናት።

ከዚያ በኋላ ያደረግነው ነገር ከባድ ጥበብ አይደለም። በመጀመሪያ ማስላት ተማርን። አንድ እንጀራ ስንት ጤፍ፣ ስንት ማገዶ ወይም መብራት፣ ስንት የእኛ ሰዓት እንደሚወስድ በደብተር ጻፍን። የራሳችንን ሰዓት ሒሳብ ውስጥ ስናስገባ ከእናቶቻችን አንዷ "የኔ ጊዜ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው ገንዘብ የሆነው?" ብለው ተቆጡ፤ ብዙ አከራከረን። ለሰው ተቀጥራ ስትጋግር የቀን ሒሳብ የምትቀበል ሴት ለራሷ ስትጋግር የማትቀበለው ለምንድን ነው ብለን ነው የተስማማነው። ቀጥሎ ቀብድ። ቀብድ አዲስ ነገር አይደለም፤ ከብት ስንሸጥ ቀብድ እንቀበላለን፣ ቤት ስንከራይ እንከፍላለን፤ ምግብና ስፌት ላይ ብቻ ነው ያፈርነው። አሁን ትልቅ ትእዛዝ ከግማሽ ቀብድ በታች አንጀምርም። ሦስተኛው አንድ ገጽ ወረቀት ነው፦ ምን፣ ስንት፣ መቼ፣ በስንት ብር፣ ካልተከፈለስ ምን፤ በሁለት ቅጂ፣ በሁለት ፊርማ።

አንድ መሥሪያ ቤት ወረቀቱን አይቶ ትቶን ሄደ። ያን ዕለት ቅር ብሎን ነበር። አሁን ስናስበው ትቶን የሄደው ደንበኛ ሳይሆን ያው የመጀመሪያው ዓይነት ገዢ ነበር።

የቡድኑ ትልቁ ጥቅም ግን እዚህ ነው ብለን እናምናለን። አዲስ ባለሙያ ስትነሣ የመጀመሪያዎቹ ከፋዮች እኛው እንሆናለን። ምኒልክና የቅቤ ገበያዋ አማት የሠሩትን ነው። አደጋም አለው፤ እህትነት ዱቤን ይወልዳል፣ ዱቤ ደግሞ ቂምን። ስለዚህ ከአባል የሚገዛ አባል ከእጅ በእጅ፣ በሙሉ ዋጋ፣ በሰው ፊት እንዲከፍል ወስነናል። ምርቃቱ በተጨማሪ ነው።

ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ቴሌብር መጣና ቀብድ ከአዳማም ከአዲስ አበባም በስልክ ይላካል። ወጣቶቻችን የሰፉትን ፎቶ አንሥተው በቴሌግራም ይለቃሉ። ይህ የአውቶቡሱ መስኮት በሌላ መልኩ ነው፤ ገዢው አያውቀንም፣ ዋጋ መጥራት አያሳፍርም፤ የሚለየው ከወደደን ስማችንን ይዞ መመለስ መቻሉ ነው። ግን የሚበላሽበትም መንገድ አለ። ልኩ ተሳስቶ የተላከ ቀሚስ አንድ ጊዜ ተመልሶልናል፤ የመላኪያውን የከፈልነው እኛ ነን። ያ ቀሚስ አሁን የጸሐፊያችን ነው።

ለደጋፊዎቻችን አንድ ነገር ሳንፈራ እንናገር። የስፌት መኪናዎቹን፣ ምጣዶቹን፣ ሥልጠናውን ሰጥታችሁናል፤ ውለታችሁን አንረሳም። ዘንድሮ ከመኪና ይልቅ ትእዛዝ ብትሰጡን እንመርጣለን። የስብሰባ ቦርሳችሁን፣ የምሳ ዝግጅታችሁን፣ የቢሮ መጋረጃችሁን ዋጋ ጠይቁን፤ ከተወደደባችሁ ተከራከሩን። ለበጎ አድራጎት ብላችሁ ግን ከዋጋው በላይ አትክፈሉ። እንዲያ ካደረጋችሁ ልጆቻችን እውነተኛ ዋጋቸውን ሳያውቁ ይቀራሉ።

ያቺ ወጣት እንዴት ሆነች? በጥሩ ስብሰባ ማግሥት ሦስት አባላት ለልጆቻቸው ዩኒፎርም አዘዟት፤ ቀብድ ከፈሉ። በየካቲት አንዲት የማታውቃት ሴት፣ የአንደኛዋን ልጅ ዩኒፎርም አይታ፣ ከባቱ ድረስ መጣች። ለሁለት መስኮትና ለአንድ በር መጋረጃ ፈለገች። "ስንት ትጠይቂያለሽ?" አለቻት። ልጅቱ ለጥቂት ጊዜ ዝም ካለች በኋላ አንድ ሺህ ሁለት መቶ ብር አለች። ሴትየዋ አንድ ሺህ አለች። በአንድ ሺህ አንድ መቶ ተስማሙ፤ አምስት መቶ ሃምሳ ቀብድ በስልክ ገባ።

በመጋቢት ስብሰባ ደብተሯን ይዛ መጣች። የክሩን ዋጋ ማስላት ረስታ ነበር። እናታችን መነጽራቸውን አድርገው በቀይ እስክሪብቶ ጻፉላት፦ "ክር፣ 85 ብር"። ቀጥሎ ቡናው ቀረበ።